ሰባትና ዘጠኝን የደበቀው ቁጥር

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ነገሩ የተበላሸው በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 10፡22 ላይ፣ ትልቁ የስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ ሦስተኛው ስላይድ ሲከፈት ነው። ሰዓቱን የማውቀው ግድግዳው ላይ እያየሁት ስለነበር ነው፤ ሥራውን የሚያቀርቡት ጋሽ ተስፋሚካኤል ስሜን የሚጠሩበትን ደቂቃ እየጠበቅሁ ነበር። ስላይዱ ላይ ቁጥሬ አለ። ከቁጥሬ ሥር የእኔ ሁለት መስመር ማስረጃ አለ፤ አንዲት ነጥብ አልተለወጠችም። ከማስረጃው ሥር «ያገኘው፦ ተስፋሚካኤል» ይላል።

አለቃችን ማኑ ከወንበሩ ተነሳና፣ «ተስፋ! ሃያ ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬም ታስደንቀኛለህ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

እኔም አጨበጨብኩ። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ አጨበጨበ። ይህን ደብተር ዛሬ የጀመርኩት ማንም ሳይሰማኝ ራሴን ለመሳደብ ነው፦ አንቺ ደደብ፣ ለሌባሽ አጨበጨብሽ!

አልተናደድኩም። ምሳዬን እንኳ ጨርሼ በልቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 11

አልተናደድኩም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ምሳዬንም የጨረስኩት በንዴት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

የምሠራበት ላቦራቶሪ የቁማር ማሽኖችን ይመረምራል። ማሽኖቹ ካዚኖ ውስጥ ከመቆማቸው በፊት ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ሐቀኛ መሆናቸውን አይተን ማኅተም እንመታለን። ማሽን ዕድል የሚባለውን ነገር የሚሠራው በሒሳብ ነው። የመጨረሻውን ቁጥር በአንድ በተወሰነ ቁጥር ያባዛል፣ ውጤቱን ለአንድ ትልቅ ቁጥር ያካፍላል፣ ቀሪውን ይይዛል። ቀሪው ቀጣዩ ዕድል ነው። ከዚያም እንደገና። ካዚኖ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቁልፉን መትተው የሚጸልዩት ለዚያ ቀሪ ነው።

ትልቁ ቁጥር ፕራይም መሆን አለበት፤ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም ያለ ቀሪ የማያካፍለው። እንደዚያ ከሆነ፣ ማባዣው ደግሞ በደንብ ከተመረጠ፣ ማሽኑ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ሳያዳርስ ራሱን አይደግምም። ባለፈው ሐሙስ እጄ የገባው የአንድ አዲስ ማሽን ሰነድ ቁጥሩን እንዲህ ይጽፈዋል፦

1,000,000,016,000,000,063

አጠገቡ «ፕራይም» ይላል። ማን እንዳረጋገጠው አይልም። ማንኛውም ኮምፒውተር በቅጽበት ይነግራቸው ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ከተጻፈ ማን ይጠይቃል?

አነበብኩት፦ አንድ፣ ሰባት ዜሮ፣ አሥራ ስድስት፣ ሰባት ዜሮ፣ ስልሳ ሦስት። እንደገና ሳነበው ሳቄ መጣ። ሲደመሩ አሥራ ስድስት፣ ሲባዙ ስልሳ ሦስት የሚሆኑት እነማን ናቸው? ሰባትና ዘጠኝ! የዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ነው። ቢሊዮንን በአንድ ፊደል ተክተው ቢያዩት ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ለሁለት ይሰነጠቃል፦

1,000,000,007 × 1,000,000,009

ሁለቱ ራሳቸው ፕራይም ናቸው፤ በሁለት ብቻ የሚራራቁ መንትዮች። ትልቁ ቁጥር መሃላቸውን በዜሮ ሞልቶ ደብቋቸው ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይዘላል። ሰው ፍቅር የሚለው ይህን ከሆነ ይዞኛል።

ወደ ማኑ መሄድ እችል ነበር፤ ቢሮው አሥር እርምጃ ነው። ግን ቀድመው ሊያዩት የሚገባ ጋሽ ተስፋሚካኤል አሉ። ከስምንት ወር በፊት «የገብረጻድቅ ልጅ ናት፣ በእኔ ይሁንባችሁ» ብለው ሥራውን ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ከአባቴ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ አስተምረዋል፤ ከዚያ በሱዳን በኩል ተሰድደው እዚህ፣ በረሃ መሃል ያለች የቁማር ከተማ፣ ደረሱ። እሳቸው ሲገቡ ከወንበሬ እነሳለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ማኑ የእሳት ደወል የተደወለ መስሎት አብሮኝ ተነስቶ ነበር።

ማስረጃውን በወረቀት ጻፍኩት። መመርመሪያ ክፍሉ ውስጥ ስልክ አይገባም፤ እኔም በእጄ ካልጻፍኩ ማሰብ አልችልም። ወረቀቱ ላይ የስም ቦታ አለ። ባዶ ተውኩት። ትልቅ ሰው እያሉ ስሜን ቀድሜ ለማስፈር አፈርኩ፤ እሳቸው ራሳቸው ይጽፉልኛል አልኩ። በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ እርሳስ ቀረጹ፣ ያንን ሁሉ ዜሮ ያለ ካልኩሌተር አባዝተው አረጋገጡ። አንድ ገጽ ሙሉ፣ አንድም ስርዝ የለበትም። ሲጨርሱ «ጎሽ!» አሉኝ።

እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጁን 13

45 ዲግሪ። የመኪናዬን መሪ የያዝኩት በምድጃ ጓንት ነው። ከሥራ በኋላ አጠገባችን ባለችው ከተማ ሄንደርሰን፣ ዋተር ስትሪት ላይ ከናጃት ጋር በረዶ ያለው ነገር ጠጣን። ናጃት ካዚኖ ውስጥ ካርድ ታድላለች፤ ከሃይስኩል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት።

«እሺ፣ ምንሽን ነው የሰረቁሽ?»

«ቁጥር።»

«የባንክ?»

«አይደለም። ዝም ብሎ ቁጥር።»

«ፖሊስ ጋ ደውለሽ ምን ልትዪ ነው? ‹ሄሎ፣ ባለ አሥራ ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ መሃሉ ላይ ብዙ ዜሮ አለው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ነው›?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ መጠጡ በአፍንጫዬ ወጣ። ከዚያ ፊቷን አኮሳትራ እንዲህ አለችኝ፦ «ስሚ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ካርድ የሰረቀ ሰው እጁ ይያዛል። አንቺ ግን ራስሽ አንስተሽ ነው ያስያዝሻቸው። ስምሽን ምን ነክቶሽ ነው ያልጻፍሽው?»

«ማክበሬ ነበር።»

«እንግዲህ ተከብረዋል።»

ሰኞ፣ ጁን 16

ጠረጴዛቸው ድረስ ሄድኩ። 

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«ስሜ የት ሄደ?»

የብዕራቸውን ክዳን ከፈቱ፣ ዘጉ። «የእኔና ያንቺ ምን ልዩነት አለው? የገብረጻድቅ ልጅ የእኔም ልጅ ናት።»

«ልጅዎ ከሆንኩ ለምን አልጠሩኝም?»

«ሮዳስ፣ አንቺ ገና ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነው። ገና ብዙ ታገኛለሽ። እኔ በመስከረም ጡረታ እወጣለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ሪፖርት ላይ ‹ያረጋገጠው› እየተባልኩ ስፈርም ኖርኩ። ‹ያገኘው› የሚል አንድ ወረቀት የለኝም። አንድ!»

«እና የእኔን ወሰዱ።»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ሰው ይሰማል።»

በአማርኛ ነበር የምናወራው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ከሁለታችን በቀር የለም። ያፈሩት ከማን ነው?

ረቡዕ፣ ጁን 18

ለማኑ ነገርኩት። ማኑ የሃዋይ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ጠብ ሲያይ ግን መሸሻ በር ይፈልጋል።

«ስምሽ ያለበት ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም።»

«ኢሜይል?»

«የለም። በእጄ ጽፌ ሰጠኋቸው።»

«ሮዳስ፣ እኛ ቲም ነን። የአንዱ ሥራ የሁላችንም ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ለምን የአንዱ ስም ብቻ ተጻፈ?»

አሰበ። ያሰበውም ይህን ነው፦ ከነገ ጀምሮ ቁልፍ ክፍል እንድገባ። የማሽኖቹ ቁልፍ ስንት ጊዜ ቢመታ እንደሚበላሽ የሚፈተንበት ክፍል ነው። የሚመታው የብረት ክንድ ተሰብሮ ጥገና ሄዷል። ስለዚህ እኔ ክንዱን ተካሁ። «ትንሽ እስክትረጋጊ ነው» አለኝ።

የሒሳብ ዲግሪ አለኝ። የቀኝ አመልካች ጣትም አለኝ። የተፈለገችው ጣቴ ናት።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

ቁልፍ። 4,000 ከምሳ በፊት። ይሠራል።

ሐሙስ፣ ጁን 26

ቁልፍ። ይሠራል። አሁን በግራ እጄም ጎበዝ ነኝ። ማሽኑ በመታሁት ቁጥር «እንኳን ደስ አለዎት!» ይለኛል። በዚህ ሳምንት ደግ ነገር የተናገረኝ እሱ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ጁን 29

ዛሬ ቤታችን ሽማግሌ መጣ። ለናጃት ቴክስት ሳደርግላት «ልታገቢ ነው?!» አለችኝ።

ሦስት ሆነው ነው የመጡት፤ ፊት ፊት የሚመሩት ጋሽ ኃይለማርያም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ በዚህ ከተማ በየትኛው ሆቴል በየትኛው በር እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር የኛን ቤት ለማግኘት ግን ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ። እማዬ ከሆስፒታል ሺፍቷ ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ደረደረች።

«እንግዲህ ልጃችን፣ ነገሩ ትንሽ ነው ተብለን ነው የመጣነው» ብለው ጀመሩ።

«ትንሽ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ አሃዝ ነው።»

እማዬ ቆነጠጠችኝ።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ቁጥር ነው ሰው የሚጣላበት? እስቲ አሳዪን።»

ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍኩላቸው። «ዜሮዎቹን ተዉአቸው፤ ሲደመሩ አሥራ ስድስት፣ ሲባዙ ስልሳ ሦስት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉልኝ» አልኩ።

 ጋሽ ኃይለማርያም ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ስምንትና ስምንት!»

«ሲባዙስ?»

«ስልሳ አራት። ኧረ! በአንድ ብቻ ነው የሳትኩት!»

«አሥርና ስድስት!» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«እሱማ ስልሳ ነው፣ አንተ ሰውዬ፤ ወደ ታች ነው የወረድከው። ቆይ፣ ቆይ… ሰባትና ዘጠኝ!» ጋሽ ኃይለማርያም ጭናቸውን በጥፊ ሲመቱት እማዬ ያቀረበችላቸው ጁስ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«እሱ ነው! ደግሞ በአንድ መሳትዎ ዝም ብሎ አይደለም» አልኳቸው። «ቁጥሩ ላይ አንድ ቢጨምሩበት 1,000,000,008 በራሱ ሲባዛ የሚሆነውን ይሆናል። እርስዎ ስምንትና ስምንት ያሉት ሰባትና ዘጠኝ መሃል ቆመው ነው።»

«ታዲያ ግማሹን እኔም አግኝቻለሁ ማለት ነው። ስሜን ጻፊያ!»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ ጋሽ ኃይለማርያምም ወደ ጫማቸው ተመለከቱ።

«ያም ሆነ ይህ» አሉ ሦስተኛው፣ «ትልቅ ሰው ነው፤ ይቅር በዪው።»

«ይቅርታ የጠየቀኝ አለ?»

ሁለተኛው ሽማግሌ የፈሰሰውን ጁስ በመሐረባቸው መጥረግ ጀመሩ።

«ጋሽ ተስፋሚካኤል ናቸው የላኳችሁ?»

«ኧረ እሱ መምጣታችንንም አያውቅ። የላከችን ሚስቱ ገንዘቤ ናት። ሰውዬው እህል አልቀምስ ብሏል አለችን።»

«እንግዲያው ይቅርታዬን ለማን ልስጠው?» አልኩ።

ጋሽ ኃይለማርያም ቆባቸውን አደረጉ። «እሱስ እውነቷን ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለበሩ።

አላሳዘኑኝም። እህል አለመቅመስ የጋሼ የራሳቸው ምርጫ ነው። እማዬ በኋላ «ሰውዬው ምን ይወዳል?» ስትለኝ «አሳ ጥብስ፣ ቃሪያ የበዛበት» አልኳት። ዝም ብዬ ነው የማውቀው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

ነገ በዓል ነው፤ ሕንፃው ባዶ ነው። ቁልፍ እየመታሁ ነበር፣ 2,600 ላይ ስደርስ መጣልኝ! መቁጠሩን ረሳሁት። ይመዝገብልኝ፤ በዚህ ደብተር፣ በቀኑ፣ ከነስሜ፦ ሮዳስ ገብረጻድቅ።

እስካሁን ያልኩት ቁጥሩ ፕራይም አይደለም ብቻ ነው። ታዲያ ምን ይሁን? አንድ ጎበዝ ሰው ይህን ቢጠይቅ መልሱ ደካማ ነው። ማባዣው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ማሽኑ ከ500,000,007,000,000,024 እርምጃ በላይ ሳይደግም አይሄድም፤ ቃል ከተገባው ግማሽ ገደማ ነው። ግን በሰከንድ ሺህ ቢሄድ ያም ወደ አሥራ ስድስት ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ማንም ቆሞ አይጠብቅም።

ትክክለኛው ቀዳዳ ሌላ ቦታ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ቴክኒሺያኑ መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል። ያ መነሻ የ1,000,000,007 ብዜት ቢሆንስ? በማንኛውም ቁጥር ቢባዛ ያው ብዜት ነው። ለትልቁ ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ አሁንም ያው ብዜት ነው፤ ምክንያቱም ትልቁ ራሱ የዚያ ብዜት ነው። ማሽኑ አንዴ ከገባበት ግቢ አይወጣም። በዚያ ግቢ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች፣ ዜሮን ትተን፣ 1,000,000,008 ብቻ ናቸው። በሰከንድ ሺህ ቢሄድ አሥራ አንድ ቀን ተኩል! ከዚያ ከመጀመሪያው፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ያንኑ ዕድል ይደግማል።

በአጋጣሚ እዚያ የሚገባ ማሽን አይኖርም ማለት ይቻላል። ሁለቱን መንትዮች የሚያውቅ ሰው ግን ሆን ብሎ ሊያስገባው ይችላል። ፕራይም ቢሆን ኖሮ ይህ ግቢ አይኖርም ነበር።

ብቻዬን ጨፈርኩ። ማሽኑም «እንኳን ደስ አለዎት!» አለኝ።

ይህን ለማን ልንገር? ዱሮ ቢሆን… ዱሮ ስል ከአንድ ወር በፊት ማለቴ ነው፤ የት እንደምሮጥ አውቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ማኑ በስፒከር ሲያወራ በግድግዳው በኩል ይሰማል። የማሽኑ ሠሪዎች መልስ ሰጥተዋል፦ «ፕራይም አለመሆኑን ተቀብለናል። ጉዳቱ ምንድን ነው? ያገኘው ሰው ያስረዳን፤ ካልሆነ ቁጥሩን አንቀይርም።» በሚቀጥለው ማክሰኞ ስብሰባ አለ።

ቀጥሎ የጋሼ ድምፅ፦ «አስረዳለሁ፣ ችግር የለም።»

ችግር አለ። አውቀዋለሁ። ሲጨንቃቸው እንደሚያደርጉት ሲያስሉ ሰማሁ።

ዓርብ፣ ጁላይ 11

ጋሼ ቁልፍ ክፍል መጡ። ሸሚዛቸው አንገታቸው ላይ ሰፍቷል። በሩ ላይ ቆመው እኔ ቁልፍ ስመታ አዩ፤ እዚህ እንዳለሁ የማያውቁ ይመስል።

«ይህን ነው የሚያሠሩሽ?»

«ከርስዎ ስላይድ ጀምሮ፣ አዎ።»

ወንበር ጠቆምኳቸው፤ አልተቀመጡም። «ሮዳስ፣ ሰዎቹ ጉዳቱ ምንድን ነው ይላሉ። ሦስት ቀን ሠራሁበት። ዑደቱ ግማሽ ይሆናል፣ እዚያ ድረስ ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ… ሌላ ነገር አለው?»

«አለው።»

«አግኝተሻል?»

«አግኝቻለሁ።»

ፊታቸው በራ። እምላለሁ፣ ለአንድ አፍታ ስብሰባውንም ስሙንም ረስተው የሒሳብ አስተማሪ ሆኑ። «ምንድን ነው?»

አፌ ተከፍቶ ነበር። ነግሬያቸው አብረን ልንደሰት ምንም አልቀረኝም። ምላሴን ነከስኩ።

«ማክሰኞ እነግራቸዋለሁ። እኔ ራሴ፣ በራሴ አፍ።»

«እኔስ ምን እሆናለሁ?»

«እሱን እኔ አልወስንም፣ ጋሼ። እርስዎ ቀድመው የሚሉት ካለ ይበሉ።»

ወጡ። በሩን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። አላሳዘኑኝም። ከዚያ በኋላ ቁልፉን 300 ጊዜ ያህል ስመታ ቁጥሩን ሳልመዘግብ ቀረሁ፤ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

እያንዳንዱን ነገር ልጻፍ።

አልተጠራሁም። ገባሁ። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ ዛሬ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ማኑ አየኝና ወደ በሩ ተመለከተ።

ስክሪኑ ላይ ያለችው የማሽን ሠሪዎቹ ኢንጂነር ሰላምታ አላበዛችም። «ይህን ያገኘው ማን ነው?» አለች።

ጋሼን አየሁ። ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ጠበቅኩ። ወረቀታቸውን ያስተካክሉ ነበር። እስከ አምስት ቆጠርኩ። ትልቅ ሰው እያለ ቀድሜ ተናግሬ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ራሱ አያውቅበትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሮዳስ ገብረጻድቅ እባላለሁ። ያገኘሁት ጁን 5 ነው። ስሜን ባለመጻፌ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላው ጥፋት ግን የእኔ አይደለም። አሁን ጉዳቱን ላሳያችሁ።»

ቦርዱ ላይ ጻፍኩ። የራሳቸውን ፕሮግራም አስነሳሁ፤ መነሻውን 1,000,000,007 ሰጠሁት፤ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ቢሊዮን እርምጃ ገደማ ሄዶ መነሻው ላይ ተመልሶ ቆመ። ከዚያ ያንኑ ረድፍ፣ አሃዝ በአሃዝ፣ ደገመው።

ኢንጂነሯ ወደ ካሜራው ተጠጋች። «እንደገና አድርጊው» አለች። አደረግሁት። «ቁጥሩን እንቀይራለን» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ቆንጆ ነው» አለች።

ማኑ ወደ ጋሼ ዞረ። «ተስፋ፣ እውነት ነው? የሷ ነው?»

ጋሼ በአማርኛ «የእሷ ነው» አሉ። ከእኔ በቀር ማንም አልገባውም። ላባቸውን ጠረጉና በእንግሊዝኛ ደገሙት፤ «ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የሷ ነው። እኔ አባዝቼ ነው ያረጋገጥኩት።»

ዘግይቶ ነው። እኔ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ግን ብለውታል፤ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ።

ማታ ለናጃት ደወልኩላት። ጩኸቷ እማዬን ከወጥ ቤት አስወጣት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ማኑ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ ፈገግ አለ። አዲሱ ሪፖርት «ያገኙት፦ ተስፋሚካኤልና ሮዳስ» ይላል። «ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል!»

«ሁለት ሰው አላገኘውም።»

«ሮዳስ፣ ሰውዬው በሁለት ወር ውስጥ ይወጣል። ምን ይጎዳሻል?»

እማዬም ማታ ያንኑ አለች። ጋሽ ኃይለማርያም ደውለው ያንኑ አሉ፤ ብቻ እሳቸው በመጨረሻ «እኔ ግን አንቺን ብሆን እንጃ» ብለው ዘጉት። ናጃት ብቻ፣ «ግማሽ ቁጥር ምን ያደርግልሻል?» አለች።

ስለ ጋሼ አሰብኩ። ያቺን አንድ ገጽ ማባዛት አሰብኩ። ባላሰብኩ ይሻል ነበር፤ ሪፖርቱ ላይ ልፈርም ምንም አልቀረኝም።

አልፈረምኩም።

ሰኞ፣ ጁላይ 21

ማኑ ሁለታችንን አስቀመጠ። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርኩ፦ «እያንዳንዳችን የሠራነው ይጻፍ። ያልሠራነው አይጻፍ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ማኑ ወደ ጋሼ ዞረ፤ የሚያድኑት መስሎት።

ጋሼ ወረቀቱን አነሱ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡ። «ማኑ፣ ልጅቷ ልክ ናት» አሉ። «እኔ ያባዛሁት ነው። ያባዛሁትን ስጠኝ።»

አሁን ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ ያገኘችው፣ ሮዳስ ገብረጻድቅ። ስሌቱን በእጅ ያረጋገጠው፣ ተስፋሚካኤል። ሃያ አንደኛ ዓመታቸውም «ያረጋገጠው» ሆኖ ቀረ። ይህን ሳየው ድል ያደረግሁ መስሎ አልተሰማኝም። ግን እውነት ነው፤ ውሸት ብጨምርላቸው የሚረዝሙ አልመሰለኝም።

ከዛሬ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። የብረት ክንዱም ከጥገና ተመልሷል፤ ከእኔ ይዘገያል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ጋሼና እትዬ ገንዘቤ ቤታችን መጡ። እማዬ አሳ ጠብሳ ነበር። ጋሼ ሳይቀመጡ፣ እማዬ እየሰማች፣ «ሮዳስ፣ በድዬሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ራሴ መምጣት ነበረብኝ» አሉ። እትዬ ገንዘቤ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። «እሺ፣ ጋሼ» አልኩ። ይቅር ብያለሁ አላልኩም፤ ገና እያየሁት ነው። ሲመጣ እነግራቸዋለሁ።

ሁለት ጊዜ በልተዋል። ከምሳ በኋላ ስለዚያ አሥራ አንድ ቀን ተኩል ጠየቁኝ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ወረቀት ላይ ተደፍተን ቆየን፤ እማዬ ሳህን ለማንሳት ለመነችን። በ1,000,000,009 በኩል ስላለው ሁለተኛው ግቢ እሳቸው ናቸው ቀድመው ያሉት። እሱን በስማቸው እዚህ ጻፍኩት።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የምጽፈው ይህን ነው።

ትልቅ ሰው ማክበር አልተውም። ከእንግዲህ የማልቀበለው ግን ዝም ማለቴ እንደ አክብሮት እንዲቆጠርልኝ ነው። ሥራዬን ሌላ ሰው በስሙ ሲያነብ ቁጭ ብዬ መስማትን አልቀበልም፤ የሚያነበው አለቃ ቢሆን፣ የአባቴ ጓደኛ ቢሆን፣ የምወደው ሰው ቢሆን። በዳዩ አፉን ሳይከፍት ከተበዳዩ ይቅርታ የሚለምን ሽማግሌ ቤቴ ሲመጣ ወንበርም ጁስም አቀርባለሁ፤ ልመናውን ግን አልቀበልም። «ምን ይጎዳሻል?» የሚለውን ጥያቄም፣ የሚጎዳኝን ከማያውቅ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።